ሶፋ ላኩልኝ ብዬ ነበር?

ደግፌ ላሚሶ ማረፉን የነገሩኝ ሐጂ ከድር ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት የሱቄን በር እየከፈትኩ ስልኬ ጮኸ። “ሙኒራ፣ ያ ለፍላፊ ሰውዬ ሄደ” አሉኝ። ሌላ ሳይጨምሩ ስልኩን ዘጉት። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሐጂ ከድር “ለፍላፊ” ብለው የሚጠሩት በሀዋሳ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከእሱም ጋር ስንት ዘመን ሲከራከሩ ነው የኖሩት።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ሐጂ ቀድመውኝ ድንኳኑ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አጠገብ ተቀምጠዋል። መዘምራኑ ሲዘምሩ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ጎናቸው ስቀመጥ፣ “እንደሱ ያለ አስቸጋሪ ሰው አላየሁም” አሉኝ ቀስ ብለው። ሐጂ ከድርን የሚያውቅ ይህ ምን ያህል ትልቅ ሙገሳ እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ ደግሞ ማልቀስ ሲገባኝ ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ። ስለ ደግፌ ሳስብ ሁልጊዜ እንደዚያ ነኝ። ልቡ ቶሎ የሚሞቅ ሰው ነበር፤ አጠገቡ የቆመውም ሳያስበው አብሮት ይሞቃል።

ያወቅሁት በኢሕአዴግ ዘመን እኩሌታ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየጮኸ የሚገባበት፣ ሞባይል የያዘ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሁሉም ዞሮ የሚያይበት ጊዜ። እኔ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሼ በአባቴ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ደግፌ ለባነር የሚሆን አቡጀዴ ሊገዛ መጣ። ከአባቴ ጋር በዋጋ ሲጨቃጨቅ ቆየና ድንገት ወደ እኔ ዞሮ፣ “ይቺ ልጅ ምን ተምራለች?” አለ። አባቴ ሲነግሩት እጁን አጨበጨበ።

“አቶ ሽኩር፣ አቡጀዴውን በጠሩት ዋጋ ወሰድኩ። ልጅዎን ይስጡኝ። ለሥራ ነው የምልዎት።”

“እሷን ጠይቃት እንጂ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?” አሉት አባቴ።

ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ መናኸሪያ አካባቢ ባለችው ጠባብ ቢሮው ሥራ ጀመርኩ።

በራፉ ላይ “የማስታወቂያና የሕትመት ሥራ” የሚል ሰሌዳ ነበር። ባነር እንጽፋለን፣ የሰርግ ካርድ እናሳትማለን፣ ማህተም እናስቀርጻለን። የደግፌ ልብ ያለው ግን ሞንታርቦው ላይ ነበር። ያረጀች ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው፤ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ አስሮባት ከአዲስ ከተማ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር ይዞራል። አዲስ የተከፈተ ፀጉር ቤት፣ የጠፋች ጊደር፣ የጫማ ቅናሽ፣ ምንም ይሁን ምን ድምፁ አንድ ነው፤ አገር የተወረረ ይመስል በሙሉ ልቡ ነው የሚናገረው። ከልምዱ ብዛት ቢሮ ውስጥ ሲያወራ እንኳ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍንና ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ “ይሰማል?” ይላል። እኔ ከፊቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ።

መጀመሪያ ሰሞን በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እርስዎ እለው ነበር። “እርስዎ ስትዪኝ ጥርሴ የሚወልቅ ይመስለኛል፤ አንተ በዪኝ” አለኝ። እኔም “ጋሽ ደግፌ፣ አንተ” እያልኩ ለመድኩ።

ሲያስቸግር ደግሞ ያስቸግራል። ፀሐይ ሳትወጣ በሰው መስኮት ሥር ይጮሃል። አንድ ጊዜ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ሕዝቡ ጉዱማሌ አደባባይ ተሰብስቦ ሳለ መኪናውን ዳር አቁሞ ስለ ሳሙና ሊናገር ሲጀምር፣ ሽማግሌዎች ሰው ልከው አስነሱት። የሲዳማ ልጅ ሆኖ ይህን ማድረጉ አሳፍሮት ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ረሳው።

ኢሜልን ያገኘው አዲስ ከተማ ባለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። እየሮጠ መጣ። ላቡን ሳይጠርግ ወንበሬን ወደ እሱ አዞረና፣ “ሙኒራ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነሽ መቶ ሰው ቤት ትገቢያለሽ። በር ሳታንኳኪ። ይሰማል?” አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አድራሻ መልቀም ሆነ ሥራው። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የተተወ ካርድ ያነሳል። ባነር በሠራንለት ስብሰባ ሁሉ የተሳታፊዎችን የስምና የኢሜል ዝርዝር ቅጂ ይለምናል። የአድራሻዎቹ ባለቤቶች ሳያውቁ ነው ወይ አልኩት። “ማስታወቂያ እኮ ነው፤ መርዝ አላበላቸውም” አለኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ሐጂ ከድር ነበሩ፤ ፒያሳ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር አላቸው። ያኔ አዲስ ያመጡት ሶፋ ነበር፤ ቀይ፣ ጫፉ ወርቃማ ዘርፍ የተሰፋበት፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ የሚመስል። ደግፌ ሶፋውን ፎቶ አስነስቶ፣ ፎቶውን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶ፣ ኢንተርኔት ቤቱ ሄዶ ላከው። ፎቶው ከባድ ስለነበረ መስመሩ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሄደ አልሄደ ብሎ ደግሞ ላከ። በማግስቱም ላከ፤ ለማረጋገጥ ነው አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያረጋግጥ ሰነበተ። የዚያን ዘመን የኢሜል ሣጥን ደግሞ እንደ ዛሬው ሰፊ አይደለም። ጥቂት ከባድ ፎቶ ከገባበት ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህን ደግፌም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ በራፍ ላይ ተቀምጠናል። ነጭ ገዋኗ ላይ ሹራብ የደረበች ወጣት ሴት መጥታ ፊታችን ቆመች።

“ደግፌ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ። እርስዎ አትበዪኝ እንጂ ነኝ።”

አልሳቀችም። “ሶፋ ላኩልኝ ብዬ ነበር?” አለችው።

ደግፌ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደስ አለው፤ ማስታወቂያው መድረሱን በዓይኑ ያየበት የመጀመሪያ ሰው እሷ ነበረች። “ደረሰሽ? እንዴት ነው፣ ቀለሙ ጎልቶ ይታያል?” አላት።

“ስድስት ሶፋ ነው የደረሰኝ።”

“ታዲያ ካልወደድሽው ሰርዘሽ መጣል ነው፤ ምን ችግር አለው?”

“ለመሰረዝም በደቂቃ እከፍላለሁ” አለች። “ደብዳቤ በፖስታ ቤት ሲላክ ቴምብሩን የሚገዛው ላኪው ነው። የእርስዎን ሶፋ የማየው ግን በእኔ ገንዘብ ነው። እሱስ ይሁን። አሁን የመጣሁት ሥራዬን ስላበላሹብኝ ነው።”

ጥሩነሽ ትባላለች፤ እኛ ሲስተር ጥሩነሽ ነው ያልናት። አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ናይሮቢ ለአንድ ዓመት የአዋላጅ ነርስነት ትምህርት አመልክታ አልፋለች። ትምህርት ቤቱ “ቦታሽን ትቀበያለሽ ወይ?” ብሎ በኢሜል ሲጠይቃት፣ ሣጥኗ ሞልቶ ደብዳቤው ተመላልሷል። ከእሷ ቀድማ እዚያ የገባች ጓደኛዋ ነገሩን ሰምታ በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያው ስልክ ደወለችላት፤ እስከዚያው ቀን የሥራ ሰዓት ማብቂያ ካልመለሰች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ወደ ኢንተርኔት ቤት ስትሮጥ መብራት የለም።

“ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በጋሪ ጭነው ወደ ሆስፒታል ሲወስዷት አብሬ ነበርኩ” አለች። “መንገድ ላይ ሞተችብኝ። ማድረግ የነበረብኝን አላውቀውም ነበር። ልማር የፈለግሁት እሱን ነው። እርዳታ ልጠይቅዎ አልመጣሁም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።”

ዞራ መሄድ ጀመረች።

ደግፌ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና፣ “የናይሮቢውን ስልክ ጓደኛሽ ሰጥታሻለች?” ብሎ ጠራት። ሰጥታታለች። የቢሮው ስልክ ያለ መብራትም ይሠራ ነበርና ገብቶ ደወለ። ብዙ ከሞከረ በኋላ መስመሩ ገባ። አንድ ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ በዚያ በሞንታርቦ ድምፁ እንግሊዝኛውን ለቀቀው። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ጥፋት የለባትም፤ ሶፋ ነው” ይላል። በእንግሊዝኛው መሃል “ይሰማል?” ይላል። ናይሮቢ ያለችው ሴትዮ ስለ ሶፋ ምን እንደገባት እንጃ። ሲስተር ጥሩነሽ ስልኩን ከእጁ ቀምታ ተነጋገረች። ስትዘጋው ፊቷ ቀልቶ ነበር።

“ቦታውን እቀበላለሁ የሚል ፊርማ ያለበት ደብዳቤ እስከ አስራ አንድ ሰዓት በፋክስ ከደረሳቸው ይይዙልኛል።”

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ከመደርደሪያው ሥር አሮጌውን የእንግሊዝኛ ታይፕ አውጥቼ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እመታለሁ፣ ደግፌ ጣራና ግድግዳ እያየ ይንጎራደዳል። ፈረመች። ፋክስ ያላቸውን ቤቶች ብንዞር ሁሉም ጨለማ ውስጥ ናቸው። መብራት ከተማውን ሙሉ ነው የጠፋው፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም።

“ሻሸመኔ” አለ ደግፌ። ሦስታችንም ቮልሷ ውስጥ ገባን።

ያቺን መኪና እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። የከተማውን መውጫ ጥቁር ውሃን እንዳለፍን ግን ቆመች። ከብት መንገዱን ሞልቶታል፤ ከከብቱ ኋላ አህያ፣ ከአህያው ኋላ ከገበያ የሚመለስ ሰው። ደግፌ ክላክስ አላደረገም። ሞንታርቦውን ከፈተ።

“ወገኖቼ፣ ሲስተር ጥሩነሽ ወደ ትምህርቷ እየሄደች ነው። ሰዓት የላትም። እባካችሁ መንገድ ስጡልን።” ያንኑ በሲዳምኛ ደገመው፤ ቀጥሎም በተሰባበረ ኦሮምኛ።

ሰዉ መኪናዋን አየ፣ የሲስተርን ነጭ ገዋን አየ፣ ከብቱን በዱላ እየገፋ ወደ ዳር አወጣው። አንዲት ሴት በመስኮቱ እጇን አስገብታ የሲስተርን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ሲስተር ጥሩነሽ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው፤ ፊቷን በእጇ ሸፍና።

ሻሸመኔ ስንደርስ ደግፌ ሞተሩን አጠፋና ጆሮውን ሰጠ። ከአንድ ካሴት ቤት ሙዚቃ ይሰማል። “ዳንቻ” አለ በሲዳምኛ፤ ጥሩ ማለቱ ነው። “መብራት አለ።” አንድ ሆቴል ገብቶ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ በሦስት ዓረፍተ ነገር አግባባት። ፋክሱ መጀመሪያ መስመር ተያዘ አለ። ሁለተኛ ሲሞከር ወረቀቱን ግማሽ ድረስ ስቦ ቆመ። ደግፌ አጠገቡ ተንበርክኮ እንደ ታማሚ ያባብለዋል። በሦስተኛው ወረቀቱ በቀስታ ገብቶ በቀስታ ወጣ። አስራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ናይሮቢ ደወልን። ደርሷል፤ የመጨረሻውን መልስ በኢሜል እንልካለን አሉ።

“በኢሜል” አለ ደግፌ፤ ሁለታችንን አየን። ሣጥኑ እኮ አሁንም ሙሉ ነው።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ እሱ ራሱ ኢንተርኔት ቤት ከሲስተር ጎን ተቀምጦ ሶፋዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። መስመሩ ቀርፋፋ ነበርና እያንዳንዱ ፎቶ ሳይከፈት አይጠፋም፤ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ወርቃማው ዘርፍ፣ ብዙ ቆይቶ ቀዩ ጨርቅ፣ በመጨረሻ የአንበሳው መዳፍ። ሰዓት ቆጣሪው ይሮጣል፤ ከፋዩ ደግፌ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረና በሹክሹክታ፣ “ሙኒራ፣ ይሄ ሶፋ እኮ አስቀያሚ ነው” አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መልሱ መጣ። ተቀበሏት። ደግፌ ቢሮ ውስጥ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ሲስተር ዓመቱን ተምራ ተመለሰች፤ እስከ ዛሬም ሀዋሳ ውስጥ ታዋልዳለች። የእኔን ሁለተኛ ልጅ የተቀበለችው እሷ ናት።

ለሌላ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። ደግፌ ግን ነገር ከገባው አይተኛም። በዚያው ሳምንት ቮልሷን አስነስቶ ከተማውን ዞረ። “ሶፋ የላክሁላችሁ ደግፌ ነኝ። ሳልጠይቃችሁ ነው የላክሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ። ከእንግዲህ ማስታወቂያ የምልከው ላክልኝ ላለኝ ሰው ብቻ ነው። ያልፈለገ ንገሩኝ፣ አላስቸግርም።” ሕፃናት ከኋላው እየሮጡ “ሶፋ፣ ሶፋ” ይሉታል። እሱ ያጨበጭብላቸዋል።

ሐጂ ከድር ቢሮው ድረስ መጡ። “ዕቃዬን በአደባባይ አዋረድከው” አሉት። “ዕቃዎን አይደለም፣ ራሴን ነው” ቢላቸውም አልሰሙትም። ሥራቸውን ወሰዱ። ተከትለዋቸውም ሌሎች ሄዱ።

ብዙ ሳይቆይ የከተማው ነጋዴዎች ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ሌላ ነበር፤ ደግፌ ግን “ልዩ ልዩ” የሚለው ላይ ሲደርሱ እጁን አወጣ። ኢንተርኔት እየተስፋፋ ነው፤ እኛ ነጋዴዎች ዛሬ ካልተስማማን ነገ የሁሉም ሰው ሣጥን በሶፋ ይሞላል አለ። ሀሳቡ አጭር ነው። ከመላክህ በፊት ጠይቅ። ስትልክ ማን እንደሆንክና የት እንደምትገኝ ጻፍ። በቃህ ያለህን ሰው ተው።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። “በዚህ ጉዳይ ከላይ የወረደ መመሪያ የለም። መመሪያ ሲመጣ እናየዋለን” አሉ።

“መመሪያው እስኪመጣ ሰው መጠየቅ ክልክል ነው እንዴ?” አለ ደግፌ። አዳራሹ ሳቀ። ጉምጉምታው ወደ እሱ ሲያጋድል ይሰማኝ ነበር።

ያኔ ሐጂ ከድር ተነሱ። አልተቆጡም። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

“እኔ ይህን ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው። ኢሜል ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ጥሩ። በሞንታርቦ ስትጮህ ማንን አስፈቅደህ ነው? እናቴ ልትሞት ስታጣጥር በመስኮታችን ሥር ስለ ፀጉር ቤት ትጮህ ነበር። ‘ያ ሰውዬ መቼ ነው ዝም የሚለው?’ እያለች ነው የሄደችው። ሶፋውን መሰረዝ ይቻላል። አንተን ምን ብለን እንሰርዝህ?”

ሰው ሁሉ ወደ ደግፌ ዞረ። እጁ ወደ ጆሮው ሄዶ መንገድ ላይ ተመለሰ። ከዚያ አዳራሹን ለቆ ወጣ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔም አለቀ ብዬ ተነሳሁ።

ከውጭ የብረት ድምፅ ተሰማ። በመስኮት ስናይ ደግፌ በካልሲ ቮልሷ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ በፒንሳ ሽቦውን እየቆረጠ ነው። ግማሹ ሰው ወደ መስኮቱ ተጋፋ። ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች አቅፎ፣ ጫማውን ሳያደርግ ገብቶ ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ወደ ሐጂ ዞረ።

“ሐጂ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር። አላወቅሁም፤ ላውቅም አልሞከርኩም። ልክ ነዎት።” ትንፋሹ ይቆራረጣል። “አሁን ድምፅ እንስጥ።”

ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢው ወደዱም ጠሉም፣ ከአዳራሹ እኩሌታ በላይ እጁን አወጣ። ሕግ አልነበረም፤ ነጋዴዎቹ እርስ በርስ የገቡት ቃል ብቻ ነው። ግን አንዳችንም ወደ ቤት መሄድ አልቻልንም። በራፍ ላይ ተከማችተን እስኪመሽ አወራን፤ ከዚያ ቀን በፊት ሰላም የማይባባሉ ባለሱቆች ሁሉ የደረሰባቸውን ይናገራሉ፦ የማያውቁት ሰው በስልክ ያስነሳቸው፣ በራቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው። ሐጂ ከድር እጃቸውን አላወጡም። ቆመው አዳመጡ፤ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ደረሱ። ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ “ጠይቀኝ” አሉ።

“ምኑን ሐጂ?”

“ማስታወቂያ ልላክልዎ ወይ በለኝ።”

“ማስታወቂያ ልላክልዎ ወይ?”

“አልፈልግም” አሉ፤ ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። በሌላውም ዓመት እንዲሁ መጡ። ደግፌ ይጠይቃል፣ እሳቸው እምቢ ይላሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ስለ መንግሥትም ስለ ዝናብም ሲከራከሩ ይውላሉ።

ከስብሰባው በኋላ ደግፌ በእግሩ መዞር ጀመረ። አድራሻው እኛ ዘንድ ያለን ሰው ሁሉ ቤትና ቢሮ እየሄደ ይጠይቃል። ማታ ሲመለስ ከእሺታው ይልቅ እምቢታውን ነበር በጉጉት የሚተርክልኝ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ “ሥራ የለህም እንዴ?” ብላ አባርራዋለች፤ እሱ እንደ ሽልማት ተቀብሎታል። “እምቢ ማለት እየቻለ እሺ ያለኝ ሰው፣ እሱ ነው የእኔ ሰው። ይሰማል?” ይለኛል።

ለጊዜው ተጎዳን። ባነርና የሰርግ ካርድ ብቻ ሆነ ሥራችን። በኋላ ግን አንዳንድ ሆቴሎች ደግፌ የሚልከውን ማስታወቂያ ሰው ከፍቶ እንደሚያነበው አዩና መጡ። ሀብታም አላደረገውም። እኔም አግብቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ እሱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ብቅ ይላል።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ነጋሪት ጋዜጣ እያውለበለበ ሱቄ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሐኪም አትሩጥ ብሎታል፤ ሮጦ ነው የመጣው። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ወጥቶ ነበር። ውስጡ ሰው ሳይጠይቅ ስለሚላክ የማስታወቂያ ኢሜል የሚናገር አንቀጽ አለ።

“‘ፈቃድ’ ይላል ሙኒራ። እይው፣ እዚህ ጋ። የተቀባዩ ፈቃድ። የላኪው ማንነትና አድራሻ። አልፈልግም የሚልበት ቀላል መንገድ። የእኛ ሦስቱም አሉ።” ጨርቅ የሚመርጡትን ደንበኞቼን ሁሉ አስነበባቸው። አንዲቷ ሴትዮ ምን እንደሆነ ሳይገባት እንኳን ደስ አለህ አለችው።

ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። “‘ወይም’ ይላል” አለ። አንቀጹን እሱ እንዳነበበው ላኪው ወይ ፈቃድ ማግኘት፣ ወይም ማንነቱን ገልጾ የእምቢታ መንገድ ማስቀመጥ ይበቃዋል። “‘ወይም’ ሳይሆን ‘እና’ ነው መሆን ያለበት። አለዚያ አስቀድሞ ሳይጠይቅ መላክ ይችላል። ወረቀት አምጪ።”

እዚያው የመለኪያ ጠረጴዛዬ ላይ አዋጁን ላወጣው ምክር ቤት ደብዳቤ አስጻፈኝ። ሲናገር ሲስተርን፣ ከብቱን፣ ፋክሱን ሁሉ አስገባ። ሲያልቅ አራት ገጽ ሆነ። በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄደን ላክነው፤ ደግፌ ከደስታው ብዛት ወጥቶ ፒያሳ ላይ የቆመ የማያውቀውን ሎሚ ሻጭ እጅ ጨበጠ።

ወራት አለፉ፤ መልስ አልመጣም። ደግፌ በዚያ መካከል ደክሞ ነበር፤ ደረጃ ላይ እያረፈ ነው የሚወጣው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥቶ ሲቀመጥ ምርር አለኝና፣ “ጋሽ ደግፌ፣ ያን ያህል ለፍተን አንድ መስመር እንኳ አይመልሱም? አያናድድህም?” አልኩት።

ዓይኑ ጨርቆቹ ላይ ተተከለ።

“ሙኒራ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ደብዳቤውን ስንልክላቸው ጠይቀናቸው ነበር?”

ተያየን።

“አልጠየቅናቸውም” አልኩት።

“አራት ገጽ” አለ። “ለዚያ ሁሉ ሰው። ሳንጠይቅ።” ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሙሉ ሰውነቱ። “መብታቸው ነው” ይላል ትንፋሽ ሲያገኝ፤ “ካልፈለጉ መብታቸው ነው” ብሎ እንደገና ይስቃል። ደንበኞች ጨርቅ ይዘው ቆመው ያዩናል፤ እኔ መቀሴን ከእጄ ጥዬ አብሬው እስቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዛሬ ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠረጴዛዬን ተደግፎ፣ ዕንባው በጉንጩ እየወረደ፣ በራሱ ሲስቅ።